መስማት፣ መሰማት፣ መስማማት

ቅጹ ሦስት ገጽ ነው። ሁለት ገጽ ተኩሉ በእንግሊዝኛ፣ የቀረው ግማሽ ገጽ በአማርኛ። አማርኛው ባጭሩ የሚለው፣ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በምረዳው ቋንቋ ተብራርቶልኝ፣ ገብቶኝ፣ በሙሉ ፈቃዴ ፈርሜያለሁ ነው። ልብ በሉ፤ በእኔ ቋንቋ የተጻፈው "ገብቶኛል" የሚለው ብቻ ነው። ይገባኛል የተባለው ነገር ራሱ በሌላ ቋንቋ ነው።

የፈረምኩት የዛሬ አሥራ አራት ወር፣ ቦሌ አካባቢ ባለ አንድ የግል የሕክምና ተቋም፣ ለጡት መቀነስ ቀዶ ሕክምና ነው። ስሙን አልጠራም። ጓደኛዬ ለሐሞት ጠጠር ሌላ ቦታ የፈረመችውንም ቅጽ ለምኜ አይቼዋለሁ፤ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ጠቤ ከጽሑፉ ጋር ነው። ሂስ ሲጻፍ የማየው ለልቦለድና ለግጥም ነው። እኔ ግን እስከዛሬ ካነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉ ገላዬን የቀየረው ይሄ ቅጽ ብቻ ስለሆነ፣ እንደ ጽሑፍ ቁጭ ብዬ ላነበው ወሰንኩ።

መጀመሪያ ለምን እዚያ እንደደረስኩ ልናገር።

ያደግኩት ገርጂ ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ የእናቴ ተደጋጋሚ ትእዛዝ "ቀና በይ" ነበር። ቀና ካልኩ ደግሞ መንገድ ላይ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ጎንበስ ብዬ፣ ደብተር ደረቴ ላይ ታቅፌ፣ እሑድ እሑድ ነጠላ ደርቤ አደግኩ። ነጠላ ትልቅ በረከት ነው፤ ማንም ለምን ተሸፈንሽ አይልሽም። አምስት ኪሎ ኢንጂነሪንግ ተምሬ ሶፍትዌር ሠሪ ስሆን ጎንበስ ማለቱ ሙያ ሆነልኝ። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ላፕቶፕ ላይ። ማታ ማታ አንገቴና ትከሻዬ ይቃጠላል፤ የጡት መያዣው ማሰሪያ ትከሻዬ ላይ ጉድባ አውጥቷል፤ በሙቀት ወራት ከጡቴ ስር ያለው ቆዳ ይላጣል። የልኬን ጡት መያዣ ቦሌ ያሉት ሱቆች ውስጥ አግኝቼ አላውቅም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ሲገኝ አስመጣለሁ።

እንግዲህ ይሄ ውበት ነው ወይስ ጤና?

ጥያቄው የእኔ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1991 እ.ኤ.አ. ሽኑር የተባለ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም፣ ባልደረቦቹ ከታካሚዎቻቸው ስንት ግራም እንዳወጡና ታካሚዎቹ ለምን እንደመጡ ጠይቆ ሰንጠረዥ አወጣ። ከሰውነትሽ ስፋት አንጻር ከዚህ ግራም በላይ ከወጣ ጤና፣ ከዚህ በታች ከሆነ ውበት። የኢንሹራንስ ድርጅቶች ሰንጠረዡን አንስተው "እንከፍላለን፣ አንከፍልም" ለማለት ተጠቀሙበት። ኮድ ለሚጽፍ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሕመምን በአንድ "ኢፍ" ከሁለት መክፈል። በ2002 እ.ኤ.አ. እዚያው አሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ልዩ ጡት መያዣውም፣ ፊዚዮቴራፒውም፣ ክብደት መቀነሱም ትልቅ ጡት የሚያመጣውን ሕመም በዘላቂነት እንዳላስታገሱ፣ ቀዶ ሕክምናው ግን እንዳስታገሰ አሳየ። ያንን ሳነብ ትንሽ አለቀስኩ። ለዓመታት "ክብደት ቀንሺ" ስባል ነበራ።

ወደ ጽሑፎቹ ልመለስ። አንዲት ልጅ እዚህ ከተማ ለዚህ ቀዶ ሕክምና ስትነሳ ከቅጹ በፊት የሚያጋጥማት ጽሑፍ ማስታወቂያው ነው።

እኔ በየማኅበራዊ ገጹ ስከታተላቸው የነበሩት ማስታወቂያዎች አንድ ዓይነት ናቸው። ግራ "በፊት"፣ ቀኝ "በኋላ"፣ ከስር የልብ ምልክትና ስልክ ቁጥር። እንደ ተረት ካየናቸው መጀመሪያና መጨረሻ ብቻ ያለው ተረት ነው፤ መሐሉ የለም። "በኋላ" የሚለው ቃል ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አይናገርም። ሦስት ሳምንት ነው? ዓመት ነው? ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በሦስት ሳምንት እብጠቱ አልወረደም፣ የጡቱ ቅርጽ ቦታውን የሚይዘው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ጠባሳውም እስኪደበዝዝ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚታየው ቆዳ የእኛ ቆዳ አይደለም። ይሄ የቀለም ክርክር አይደለም፤ ጥቁር ቆዳ ላይ አብጦ የሚቀር ጠባሳ፣ ኬሎይድ የሚሉት፣ በብዛት ይወጣል። የነጭ ሰው "በኋላ" የእኔን "በኋላ" አይነግረኝም።

ማስታወቂያዎቹ ከሥዕሉ በላይ የሚጽፉት "የውበት ቀዶ ሕክምና" የሚል ነው። "ፕላስቲክ ሰርጀሪ" ሲሉ ደግሞ እናቶቻችን ፌስታል ይመስላቸዋል፤ የውሸት ነገር። ቃሉ የመጣው ከግሪክ ነው፤ መቅረጽ፣ ቅርጽ መስጠት ማለት ነው። የዚህ ሙያ ሥራ በአገራችን የውበት ብቻ አይደለም። አለርት በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመ ማዕከል ነው፤ በሽታው ያኮራመተውን እጅና ፊት መልሶ መሥራት የዚሁ ሙያ ድርሻ ነው። የካቲት 12 ሆስፒታል በእሳት የተቃጠለ ሰው የሚወሰድበት ነው። ቅርጽ መመለስ ሕክምና መሆኑን እነዚያ ቦታዎች የታከመ ሰው ያውቀዋል። ቦሌ ሲደርስ ቃሉ ስለ ውበት ብቻ ማውራት ጀመረ፤ እኔም በዚያ ምክንያት ለሁለት ዓመት ያህል፣ አንገቴ እየተቃጠለ፣ "ለውበት ብዬ ነው እንዴ?" እያልኩ አፈርኩ።

ማስታወቂያው ብዙ ቃል ሲገባ አደጋውን ይዘለዋል። ቅጹ ደግሞ አደጋውን በሙሉ ይዘረዝራል። ታዲያ ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?

ሥራዬን ልንገራችሁ። ሰው አፕ ላይ ሲመዘገብ የምትመጣዋን ትንሽ ሳጥን ታውቃላችሁ፤ "በውሉና በደንቡ ተስማምቻለሁ" የምትለዋን። እኔ እንደሷ ያሉ ሠርቻለሁ። ሳጥኗን ስሠራ አንድም ቀን ተጠቃሚው ውሉን ያነባል ብዬ አስቤ አላውቅም። አሳቤ ሰውየው ሳይሰለቸው እንዲያልፍ ነው። ያቺ ሳጥን የቆመችው ለድርጅቱ ነው፤ ነገ ክስ ቢመጣ "ተስማምቷል" ለማለት። ቅጹን እቤቴ ደግሜ ሳነበው አሠራሩን ወዲያው አወቅኩት። የሥራ ባልደረባዬ የጻፈው ይመስላል።

ሦስት መስመር ብቻ ልምረጥ።

አንደኛው፣ ፎቶዎቼን ለትምህርትና ለማስተዋወቂያ እንዲጠቀሙ የሚፈቅደው መስመር ነው። እሱን ፈርሜ ሳልጨርስ አየሁት። የሰው መረጃ አያያዝ የዕለት እንጀራዬ ነው፤ ዓይኔ ራሱ ያድነዋል። እስክሪብቶ አንስቼ ሰረዝኩት፤ ነርሷም ምንም አላለችኝ። ያኔ ራሴን ጎበዝ አንባቢ አድርጌ ቆጠርኩ።

ሁለተኛው፣ ለስድስት ሳምንት "ስትሬንየስ አክቲቪቲ" አታድርጊ ይላል። ስፖርት መሰለኝ። ስፖርት ደግሞ ከድሮም አልሠራም፤ በቃ አለፍኩት። መስመሩ ማለት የፈለገው ሌላ ነው፤ ሌሊት ውኃ ስትመጣ ጀሪካን አታንሺ። ሃያ ሊትር ሃያ ኪሎ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሊፍት የለም፤ ዕቃ ይዘሽ አትውጪ። ክንድሽን ከትከሻሽ በላይ አታንሺ፤ ፀጉርሽን ራስሽ አትሠሪም። በዘጠነኛው ቀን ጀሪካን ሳብኩ። ግራ ጡቴ ስር፣ ስፌቶቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ተከፈተ፤ እስኪድን አምስት ሳምንት ወሰደ። ያ መገናኛ ከሁሉም ቦታ ይልቅ የሚዘገይ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅኩት።

ሦስተኛው ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ነው። "ኦልተርድ ኒፕል ሴንሴሽን" ይላል። እንግሊዝኛ አላውቅም እንዳልል ቀኑን ሙሉ የማነበው እሱን ነው። ግን ለእኔ "ኦልተር" ማለት ዳታቤዝ ላይ ዓምድ ማሻሻል ነው፤ ማጥፋት ሲፈለግ "ድሮፕ" ይባላል። ነርሷ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ በአማርኛ ልታስረዳኝ ሞክራ ነበር። ደግ ሴት ናት። ያለችኝ እንዲህ ነው፤ "የስሜት ለውጥ ሊኖርሽ ይችላል።"

የስሜት ለውጥ። እኔ የሰማሁት ይከፋሻል፣ ይደብርሽ ይሆናል የሚል ነው። ከማደንዘዣ በኋላ ሰው ሆደ ባሻ ይሆናል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ስለዚህ ተዘጋጀሁ። ፊልሞች አወረድኩ፣ ጓደኞቼን በየተራ እንዲመጡ ለመንኩ፣ እህቴ ጋ ለማደር ተስማማሁ። ምንም አልከፋኝም። እንዲያውም በአሥራ አምስተኛው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ስቆም ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

የቀኝ ጡቴ ጫፍ ሲነካ አይሰማኝም። ለጥቂት ወራት ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ፤ ብዙዎች ላይ ይመለሳል። የእኔ አልተመለሰም። ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ የመመለስ ዕድሉ ይመነምናል።

እዚህ ጋ ጽሑፉን የማነብበት መንገድ ተቀየረ። ቅጹ በሙሉ ቢተረጎምም እንኳ እኔን አያድነኝም ነበር፤ "ሴንሴሽን"ን "ስሜት" ብሎ ይተረጉመውና ያበቃል። የሚያስፈልገው ቃል በቃል የሚያስቀምጥ አስተርጓሚ አይደለም፤ "ይሄ ነገር ለዚህች ልጅ ምን ማለት ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ጸሐፊ ነው። አማርኛው እኮ አለ። "የጡትሽ ጫፍ ሲነካ ላይሰማሽ ይችላል፤ ለጥቂት ወራት፣ አንዳንዴም ለሁልጊዜው።" በቃ፤ ይሄን ማንም ይረዳዋል።

ቋንቋችን ደግሞ ከዚህ በላይ ያውቃል። ሰማ፣ ተሰማ፣ ተስማማ፤ ሦስቱም ከአንድ ሥር ናቸው። በአማርኛ መስማማት እርስ በርስ መሰማማት ነው። ያልሰማሁትን ፈረምኩ፤ አሁን የማይሰማኝም እሱው ነው።

ጥፋቱን ለእነሱ ብቻ አልሰጥም። ዶክተሩ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በማርከር ሲስለኝ (ቆሜ ነው የተሳልኩት፤ ተኝተሽ ከሆነ ጡት ቦታውን ይለቃል) "ጥያቄ አለሽ?" ብሎኛል። "የለኝም ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩ። እንዲያ ነው ያደግነው። ሐኪም ፊት ጥያቄ ማብዛት አለማመን ይመስላል። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ተረቱ የሚገሥጸው ታካሚውን ነው። ሐኪም ምን መንገር እንዳለበት የሚገሥጽ ተረት ግን አልሰማሁም።

ተረት ባይኖር ሕግ አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20፣ ሰው ምርመራንም ሆነ ቀዶ ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። በማናቸውም ጊዜ፤ ከፈረመ በኋላም፣ በማርከር ከተሳለ በኋላም። የዚህን ሕግ ረቂቅ ሬኔ ዳቪድ የተባሉ የሕግ ሊቅ በፈረንሳይኛ ጽፈው፣ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ነው የታወጀው። አንድ አገር ሙሉ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ከፈረንሳይኛ ለማምጣት ደክሟል። ሦስት ገጽ ቅጽ ከእንግሊዝኛ ማምጣት ያንን ያህል አይከብድም።

ሌላም ጽሑፍ አለ፤ ያልተጻፈ። አክስቴ ስትሰማ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ታዲያ ነገ ልጅሽን በምን ልታጠቢ ነው?" ተናደድኩ። የአማርኛ ጡት መቼም የሴቲቱ ሆኖ አያውቅም፤ የጡት ልጅ፣ ጡት ነካሽ፣ ጡት ጣለ፤ ባለቤቱ ሁልጊዜ የሚጠባው ነው። አንዲት ሴት ገና ለሌለ ሰው ብላ ጀርባዋን ትሰብር? እንዲህ ብዬ ነበር የማስበው። አሁን ግን ሳስበው፣ ከሁሉም ጽሑፎች እውነተኛ ጥያቄ የጠየቀችው አክስቴ ብቻ ነች። ማስታወቂያው አልጠየቀኝም። ቅጹ በአንድ ሐረግ አልፎታል። መልሱም ቀላል ነው፤ የጡቱ ጫፍ ከስሩ ካለው እጢና ቱቦ ጋር ተያይዞ ከቀረ ብዙ ሴቶች ያጠባሉ፣ አንዳንዶቹ ወተታቸው ስለማይበቃ ይጨምሩበታል፣ ዋስትና ግን የለም። አክስቴን ተቆጥቼ ከማለፍ ዶክተሩን ብጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

የአክስቴ ልጅ፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ፣ ሲኤምሲ የምትኖረው፣ ለግንቦት ተመሳሳይ ቀጠሮ ይዛለች። ለሷ ብዬ ቅጹን እንደገና ጻፍኩት። ሂስ የሚጽፍ ሰው "እስቲ አንተ ጻፈው" መባሉ አይቀርም፤ ይኸው።

የሚወጣው ስብ፣ እጢና ቆዳ ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ነው፣ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። ማደንዘዣውን ማን እንደሚሰጥሽ፣ ሌሊት ደም ቢፈስሽ የምትደውዪው ለማን እንደሆነ፣ ነገሩ ቢከብድ ወደየትኛው ሆስፒታል እንደምትወሰጂ አሁኑኑ ጠይቂ።

ጠባሳ ይኖርሻል። ብዙ ጊዜ በጡቱ ጫፍ ዙሪያ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደታች፣ ከዚያም ከጡቱ ስር አግድም፤ መልሕቅ ይመስላል። አንዳንዴ አግድሙ ይቀራል። ጆሮሽን ስትበሺ አብጦ የቀረ ጠባሳ ካለሽ ለሐኪሙ አሳዪው። በኛ ቆዳ ላይ ዓመት የሞላው ሥራ ካለው እንዲያሳይሽ ጠይቂ።

የጡትሽ ጫፍ ብዙ ጊዜ አይቆረጥም፤ ደም ከሚያመጣለት ሥጋ ጋር እንደተያያዘ ወደላይ ይወሰዳል። ጡቱ እጅግ ትልቅ ከሆነ ግን ተነስቶ እንደገና የሚተከልበት ጊዜ አለ፤ ያኔ መሰማቱም ማጥባቱም ይቀራል። የትኛው እንደሚሠራልሽ ጠይቂ። በየትኛውም መንገድ፣ ሲነካ ላይሰማሽ ይችላል። አልፎ አልፎ ደም ሳይደርሰው ቀርቶ የሚሞትበትም አጋጣሚ አለ። ሲጋራም ሆነ ሺሻ ይህንን አደጋ ይጨምራል፤ ኒኮቲን ጫፉ የሚኖርበትን ቀጭን የደም ሥር ያጠብበዋል። ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት አቁሚ። ጫት የምትቅሚ ከሆነም፣ ቤተሰብ አጠገብሽ ቢቆምም፣ ማደንዘዣ ለሚሰጠው ሰው እውነቱን ተናገሪ። የእርግዝና መከላከያ እንክብልም እንደዚያው፤ አንዳንዶቹ የደም መርጋትን ያመጣሉ።

ሁለቱ ጡቶች ፍጹም እኩል አይሆኑም። ብትወፍሪ፣ ብትከሺ፣ ብታረግዢ ቅርጻቸው ይቀየራል። የወጣው ሥጋ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ በአገራችን ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር የጡት ነው።

ላፕቶፕ ላይ ለመመለስ አንድ ወይ ሁለት ሳምንት ይበቃሻል። ጀሪካን ግን ስድስት ሳምንት አትንኪ። ፎቶሽን እንዳይጠቀሙ መስመሩን ሰርዢው። ከፈረምሽ በኋላም፣ ከተሳልሽ በኋላም "ይቅርብኝ" ማለት ትችያለሽ፤ ሕግ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ በስልክ አነበብኩላት። "ላይሰማሽ ይችላል" የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመችኝ።

"አንቺ ያኔ ብታውቂ ኖሮ ትተዪው ነበር?"

"አልተወውም።"

"እና ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?"

ትንሽ አሰብኩ። አልተጸጸትኩም፤ አንገቴ አይቃጠልም፣ ጡት መያዣ ከቦሌ ሱቅ ገዝቻለሁ፣ እሑድ ነጠላዬን ስደርብ ለመሸፈን አይደለም። አለመጸጸት ግን መስማማት አይደለም።

"ያኔ ባውቅ የሰጠሁት ይሆን ነበር" አልኳት። "አሁን የጠፋብኝ ነው።"

ዝም አለች። ከዚያ "ቆይ ልጻፈው" አለች። የዶክተሩን ጥያቄዎች ስልኳ ላይ እየመዘገበች ነው፤ ትናንት ስጠይቃት አሥራ አንድ ደርሰዋል።